የጺማሙ ብር ሚዛን

በአንዲት አሮጌ የግንብ ከተማ፣ ከጁምዓ መስጊዱ በር አጠገብ፣ ሸኽ ሙሐባ የሚባሉ ብር መዛኝ ነበሩ። እሳቸው «ልክ ነው» ካሉ ክርክር የለም። የሚቀመጡባት ጥላ ያላት ደጃፍ ግን የትልቁ ነጋዴ የሐጂ በሽር ነበረች።

አንድ ቀን ሸምሲያ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ከአንገቷ ያወለቀችውን ብር ይዛ መጣች። ባሏ በኒካሕ ጊዜ የሰጣት መህሯ ነው፤ የታመመ ልጇን ልታሳክምበት ነው። በዚያ አገር ሰው የሚያምነው የንግሥቲቱ መልክ ያለበትን የማርትሬዛ ብር ብቻ ነበር። በዚህኛው ላይ የተቀረጸው ግን ጺሙ ለሁለት የተከፈለ ወንድ ነው።

ሐጂ በሽር ብሩን ሲያይ ዓይኑ በራ። ወደ ሸኹ ጆሮ ጎንበስ አለ።

«ሜክሲኮ በሚባል አገር ሦስት ዓመት ያህል ነግሦ የተገደለ ንጉሠ ነገሥት ብር ነው። ወደቡ ላይ ያለው ፈረንጅ ሃያ ግመል ይሰጥበታል። እርስዎ ክብደቱን ብቻ ይመዝኑ፤ ዋጋውን አያንሱባት።»

ከዚያ ቀና ብሎ ሳቀ። «አይ ሸምሲያ! ይህን ጺማም ማን ይፈልገዋል? ለአላህ ብዬ በክብደቱ ልውሰድልሽ።»

«ባሌም ጺማም ነበር፤ እሱንም ከእኔ በቀር የፈለገው አልነበረም» አለች። «ሸኼ፣ እርስዎ ልክ ነው ካሉኝ ይውሰደው።»

ሸኽ ሙሐባ መዘኑ። 

«ክብደቱ ልክ ነው። ዋጋው ግን ልክ አይደለም። ልጄ፣ ይህ ብር ሃያ ግመል ያወጣል። ሐጂ በሽር ራሱ አሁን በጆሮዬ ነገረኝ።»

ገበያተኛው ዙሪያቸውን ከበበ። የሐጂ በሽር ፊት ጠቆረ።

«ምን ዋሸሁ? ሐላል ንግድ ነው! የተቀመጡበት ደጃፍ የማን እንደሆነ ረሱት?»

«አልረሳሁም» አሉ ሸኹ፣ ሚዛናቸውን በኩታቸው እየጠቀለሉ። «ደጃፉ ያንተ ነው፤ ምላሴ ግን ያንተ አይደለም። ካዕባን በዞረ እግርህ መጥተህ አባት የሌለው የቲም ልጅ መድኃኒት ልትነጥቅ? አላህን አትፈራም?»

ሸምሲያ ብሩን ከታማኝ ዘመዶቿ ጋር ወደብ ወርዳ በዋጋው ሸጠች፤ ልጇም ዳነ፣ አልሐምዱሊላህ። ሸኹ ግን ከዚያ ወዲያ የመዘኑት ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ነበር። ስለ ጥላው ቆጭቷቸው እንደሆነ ቢጠየቁ «ዝም ያለ ሚዛንም ይዋሻል» ብቻ አሉ።

እኔን የሚያናድደኝ ሐጂ በሽር ብቻ አይደለም። በሚቀጥለው ጁምዓ ከፊተኛው የሶላት ረድፍ ቦታ የለቀቁለት፣ ያን ቀን ገበያው ላይ ቆመው ሁሉን የሰሙት ሰዎች ነበሩ። ከመካከላቸው ለሸኹ ጥላ የዘረጋ አንድም አልነበረም። «እኛ ምን አደረግን?» ይሉ ይሆናል። ምንም አላደረጉም፤ አላህ የሚጠይቃቸውም ስለዚሁ ነው።