ካዝና አልጎርስም ያለች ሽጉጥ

ልንገራችሁ? «ንገሪን!» በሉ። ታምኑኛላችሁ? «በጭራሽ!» በሉ። ጎሽ! የዛሬው ተረት የሚወደው የማያምን ጆሮ ነው።

ደሴ ውስጥ ዘርጋው የሚባል ጢማም ሰውዬ ነበረ። የሰፈሩ ድራማ ላይ ሁልጊዜ ሬሳ እየሆነ ሲጋደም ኖሮ፣ በስንት ልመና ሽፍታ ሁን ተባለ። የሽፍታው ሥራ አንድ ናት፤ በመጫወቻ ሽጉጥ ጣሳ መትቶ መጣል። ሽጉጧ ፕላስቲክ፣ ጥይቷም ፕላስቲክ፣ ነጭ፣ ድብልብል፣ ልክ እንደ ማሽላ። ጥይቱ የሚታጨቅበት ካዝናዋ ተሰበረና ዘርጋው ሌላ ገዛ። እንዴት ገዛ? ሽጉጧን ቤት ትቶ፣ በጣቱ ለክቶ! «ጥቁር ነው፣ ርዝመቱም ይሄው ነው» ብሎ እርፍ።

ባንቴ የሚባል ምቀኛ ጥግ ቆሞ፣ «ዛሬ ከሰዓት ጣሳው ካልወደቀ ሽፍታው እኔ ነኝ፤ አንተ ወደ ሬሳህ!» ይለዋል።

ዘርጋው አዲሱን ካዝና በጥይት ሞልቶ ቢገፋው፣ ቢመታው፣ ሽጉጧ አፏን ገጠመች። «የማን ነው ይሄ? ርዝመቱ የኔ፣ ጥርሱ የሌላ! አላምነውም።» ሽጉጥ አልጎርስም አለች፤ ጣሳው ቆሞ ይስቃል!

ለሻጩ ለጋሽ ይመር ደወለ። «ጋሼ፣ ይቀይሩልኝ።»

«ካዝና በስልክ አይለካም፣ የኔ ጌታ! ሁሉም ልክ ነው ብሎ ይወስድና ሰብሮ ይመልስልኛል። ሽጉጧን ሳላይ ወይ ፍንክች!» ይመር አልቀይርም አለ፤ ሽጉጥ አልጎርስም አለች፤ ጣሳው ቆሞ ይስቃል!

ሽጉጧን ጃኬቱ ስር ሸጉጦ የይመር ሱቅ ወዳለበት የገበያ ሕንፃ ሄደ። በሩ ላይ ጥበቃው እንድሪስ ዳበስ ዳበስ አደረገውና ዓይኑ ፈጠጠ።

«መጫወቻ ናት!» አለ ዘርጋው።

«የተያዘ ሁሉ እንደሱ ነው የሚለው! የመጫወቻ ሽጉጥ አፍ ቀይ ነው። የዚች ለምን ጠቆረ?»

ለምን ጠቆረ? ራሱ ዘርጋው ነዋ፣ የእውነት ትምሰል ብሎ ጥቁር ቀለም የቀባት! እንድሪስ አላስገባም አለ፤ ይመር አልቀይርም አለ፤ ሽጉጥ አልጎርስም አለች፤ ጣሳው ቆሞ ይስቃል!

ቀለሙን በጥፍሩ ቢፍቀው፣ ቀለሙ ተቆጣ። «ትናንት ተለጠፍ፣ ዛሬ ልቀቅ? አንተ ነገረኛ ነህ! ቤንዚን ሳልቀምስ ንቅንቅ አልልም።» ቀለም አልለቅም አለ፤ እንድሪስ አላስገባም አለ፤ ይመር አልቀይርም አለ፤ ሽጉጥ አልጎርስም አለች፤ ጣሳው ቆሞ ይስቃል!

ቤንዚን ያለው ቀለም ቀቢው አበጋዝ ዘንድ ነው። አበጋዝ ከላይ እስከ ታች አየው።

«ያልብሃል። ጃኬትህ አብጧል። ማንን ልታቃጥል ነው? ዋስ አምጣ!»

«ለአንድ ቡሽ ቤንዚን ዋስ?»

«ሰፈር የሚነደው በአንድ ቡሽ ነው!» አበጋዝ አልሰጥም አለ፤ ቀለም አልለቅም አለ፤ እንድሪስ አላስገባም አለ፤ ይመር አልቀይርም አለ፤ ሽጉጥ አልጎርስም አለች፤ ጣሳው ቆሞ ይስቃል!

ወደ ጎረቤቱ ሮጠ። «እትዬ ዘምዘም፣ ዋስ ይሁኑኝ!»

«ጃኬትህ ስር ምንድን ነው?»

«ም… ምንም።»

«ምንም እንዲህ አያብጥም! ዶሮዬ ከጠዋት ጀምሮ የለችም።»

«ኧረ እትዬ፣ ሽጉጥ ነው!»

«ኡኡ! ዶሮዬን በሽጉጥ?! እሷን በዓይኔ ሳላይ ላንተ ዋስ? አላበድኩም!» ዘምዘም ዋስ አልሆንም አለች፤ አበጋዝ አልሰጥም አለ፤ ቀለም አልለቅም አለ፤ እንድሪስ አላስገባም አለ፤ ይመር አልቀይርም አለ፤ ሽጉጥ አልጎርስም አለች፤ ጣሳው ቆሞ ይስቃል!

ሲፈልግ፣ ሲፈልግ፣ ዶሮዋ የተበላሸ አይሱዙ ስር ተደብቃለች። «ውጪ፣ እናቴ!» አላት።

ዶሮዋ አንድ ዓይኗን አጨነቆረች። «ነገ በዓል ነው አይደል? ዘምዘም ሽንኩርት ተሸክማ ስትገባ አይቻታለሁ። ያ ሁሉ ሽንኩርት ለማን ነው?» ዶሮ አልወጣም አለች፤ ዘምዘም ዋስ አልሆንም አለች፤ አበጋዝ አልሰጥም አለ፤ ቀለም አልለቅም አለ፤ እንድሪስ አላስገባም አለ፤ ይመር አልቀይርም አለ፤ ሽጉጥ አልጎርስም አለች፤ ጣሳው ቆሞ እስኪያስለው ይስቃል!

ዘርጋው ተናደደ። አልገጥምም ያለውን ካዝና አውጥቶ መሬት ላይ ወረወረው። ሆዱ ተከፈተ፤ ነጭ ጥይት ዝርግፍ!

«ማሽላ?» አለች ዶሮ። አንድ እግሯን አወጣች። «ማሽላ በነፃ የሚበትን ሰው አላየሁም» ብላ መለሰቻት። ደግሞ አወጣቻት። ሆዷ አላስቻላትም፤ አንዷን ለቀም አደረገች። «ቱ! ፕላስቲክ!» ስትል ዘርጋው እጅ ላይ ናት። ካዝናውንና ጥይቱንም ለቃቅሞ ሮጠ።

እትዬ ዘምዘም ዶሮዋን አቀፈቻት። «አንቺ ሞኝ! ሽንኩርቱ ለምስር ወጥ ነው። እንቁላል ጣይ ማን ያርዳል?»

በቃ፣ ተፈታ! ዶሮ ወጣች፤ ዘምዘም ዋስ ሆነች፤ አበጋዝ ቤንዚን ሰጠ፤ ቀለም ለቀቀ፤ የሽጉጧ አፍ ቀላ፤ እንድሪስ አስገባ። ይመር የሽጉጧን ጥርስ ከካዝናው ጥርስ እያስተያየ አንዱን ሞከረ፣ እምቢ፤ ሌላውን ሞከረ፣ እምቢ። በመጨረሻ አስቀያሚውን፣ አረንጓዴውን ሲያስገባው፣ ቀጭ! ሽጉጥ ጎረሰች።

ከሰዓት ዘርጋው ባለ ቀይ አፍ ሽጉጡን ይዞ መድረክ ላይ ወጣ። ተኮሰ። ጣሳው መሳቁን ትቶ ተንኳኳና ወደቀ! ሬሳ ሆኖ የተጋደመው ባንቴ እንኳ አላመነም፤ አንድ ዓይኑን ገልጦ አየ። ጥበቃው እንድሪስ አግዳሚ ወንበር ስር ገብቷል። ዘምዘም ጭን ላይ ያለችው ዶሮ ደግሞ ከድንጋጤዋ እንቁላሏን እዚያው ዱብ!

አመናችሁኝ? «አላመንንም!» በሉ። ያላመነ መጥቶ ኪሴን ይፈትሽ፤ ያመነ ያችን እንቁላል ጠብሶ ያጉርሰኝ።