የአባባ ድረስ ጭብጨባ

በእኛ ቀበሌ ስብሰባ ላይ ሰው ሁሉ እጁን ጋቢው ውስጥ ሸሽጎ ሲቀመጥ ያየ እንግዳ «ምነው በረዳችሁ?» ይላል። ብርድ አይደለም። አንዲት አባባል ናት እንዲህ ያደረገችን፤ እሷም እንዲያው ከሜዳ አልተገኘችም። የተወለደችው ጎረቤቴ ቤት፣ ዓይኔ እያየ ነው።

ያን ዕለት የተጠራነው ለማዳበሪያ ነበር። ግንቦት ገብቷል፣ ዝናቡ ደርሷል፣ ማዳበሪያ ግን የለም። ሌላ ነገር በየት በኩል ይሰማናል? ከወረዳ የመጣው ኃላፊ ግን መጀመሪያ ሌላ ወረቀት አወጣ። ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ ያሉት ልጆች ከእኛ ትምህርት ቤት ተነሥተው ከተራራው ማዶ ወዳለው ይዛወራሉ፣ ለጥራት ሲባል ነው፣ ብሎ አነበበ።

መምህርት ስንዱ ተነሣች። «እንዴ! እዚያ ድረስ እኮ ለልጅ እግር ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። መመለሻውስ?»

ይኼኔ አባባ ድረስ ከፊት ሆነው እጃቸውን አወናጨፉ። ጎረቤቴና የቀበሌው ትልቅ ሽማግሌ ናቸው፤ እሳቸው ካሉ አለቀ። «ተቀመጭ እንጂ ልጄ! የልጅ እግር ምን ይሆናል? አጨብጭበን እንለፈውና ወደ ማዳበሪያችን እንግባ» አሉና እሳቸው ጀመሩት። እኛም ተከተልን። እኔም አጨብጭቤያለሁ፤ ምን ያስደብቀኛል!

«በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» አለ ኃላፊው። ከዚያ ቃለ ጉባኤው ላይ የጣት አሻራችንን ተቀብሎ፣ ሰዓቱን አየና የማዳበሪያውን ጉዳይ ለሌላ ቀን አስተላልፎ ሄደ። ወይ እኛ!

አባባ ድረስ የሚያሳድጓት የልጅ ልጅ ነበረቻቸው፣ አንጓች። እናቷ ስትሞት «ልጄን አስተምሩልኝ» ብላ አደራ የሰጠቻቸው ናት። ለመንደሩ የመጣ ደብዳቤ ሁሉ እሷ ዘንድ ነው የሚነበበው። መስከረም ላይ አምስተኛ ክፍል ገባችና ማዶ መሄድ ጀመረች። አብረዋት የጀመሩት ሴቶች ልጆች አንድ በአንድ ቀሩ። ኅዳር ላይ ብቻዋን ሆነች። ኮንጎ ጫማዋ ተረከዟን ልጦት ቁስሉ አመረቀዘ።

አባባ ድረስ ወረዳ ሄደው ጮሁ። ያው ኃላፊ ቃለ ጉባኤውን አወጣና «አባት፣ ይኸው የጣት አሻራዎ። ጭብጨባውንም ያስጀመሩት እርስዎ ነዎት እኮ» አላቸው። ጋቢያቸውን ሰብስበው ተመለሱ።

በዚያው ምሽት እሳት ልጭር ቤታቸው ገባሁ። አንጓች እያነከሰች መጥታ፣ እንደ ልማዷ የአያቷን እግር ልታጥብ ውሃ አቀረበች። አባባ ድረስ ሳፋውን ተቀበሏትና እሷን በርጩማው ላይ አስቀምጠው ተንበረከኩ። ሽማግሌ የልጅ እግር ሲያጥብ በአገራችን አይቼ አላውቅም፤ ደነገጥኩ።

«ኧረ አባባ፣ ነውር ነው! ሰው ምን ይላል?» አለች ልጅቱ እግሯን እየሰበሰበች።

እሳቸው ቁስሏ ላይ የደረቀውን ጨርቅ በውሃ እያራሱ ቀስ ብለው ፈቱት።

«ነገ አልሄድም አባባ። በቃኝ» አለች። ይህንን ከእሷ አፍ እሰማለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም።

«ኧረ አባባ ድረስ፣ ይቺ ልጅ የማንን ኃጢአት ነው የምትከፍለው?» አልኩ እያለቀስኩ።

እጃቸውን ከውሃው አወጡና መዳፋቸውን ትኩር ብለው አዩት። «የእነዚህን ነዋ» አሉኝ፤ «ልጄ፣ እጅ ያጨበጨበውን እግር ይከፍለዋል።»