በፎም የሞቀው ገንፎና ሦስቱ የክርስትና እናቶች

በአንድ ወቅት ጥሩወርቅ የምትባል እናት፣ ሴት ልጅ የተገላገለችውን ልጇን ምንትዋብን ልታርስ ወደ እሷ ቤት መጥታ ነበር። ሕፃኗን ክርስትና ላንሳ ብለው ሦስት ሴቶች፣ ጎረቤቷ፣ ጓደኛዋና የባሏ እኅት፣ ቢለምኑ ምንትዋብ «እማዬ ትምረጥ» ብላ ፍርዱን ለእናቷ ሰጠችው።

በክርስትናው ዋዜማ ጎረቤቷ ሙሉነሽ ገንፎ ሠርታ፣ ቅቤውን አፍስሳ፣ ከድግስ በተረፈ ነጭ የፎም ዕቃ ላከች። አራሷ እስክትታጠብ ገንፎው ቀዘቀዘ። ለአራስ ደግሞ ቀዝቃዛ አይቀርብም። ጥሩወርቅ ከጓዳ «ትኩስ ይሁን! ሆዷን ብርድ እንዳይገባው» አለች። የምንትዋብ ጓደኛ ወይንሸት ገንፎውን ከነፎሙ ማይክሮዌቭ ውስጥ ከተተችው፤ ሲሞቅ በሳህን ገልብጣ አቀረበችው።

ምንትዋብ ሁለቴ ጎረሰች።

ወይንሸት ፎሙን ልትጥል ስታነሳው ቅቤው የነካው ሁሉ ቀልጦ ተበሳስቷል። ማንም አላየም። ዝም ብትል ዝም ነው። እሷ ግን ሮጣ ገባች፦ «ምንትዬ፣ ተይው! በፎሙ ነው ያሞቅሁት፤ ቀልጧል!»

ምንትዋብ ደነገጠች። ሕፃኗ ጡት ፈልጋ ታለቅሳለች፤ እናት «አላጠባም፣ መርዝ በልቼ» ብላ ደረቷን ሸፈነች። ጥሩወርቅ ከንፈሯ ብቻ «እመቤቴ፣ እመቤቴ» ይላል። የምንትዋብ ባል እኅት ሰናይት ግን ሳህኑን ነጥቃ ደፋችና አዋላጇ ጋ ደወለች። «ሁለት ጉርሻ ነው? የቀረውን ጣሉት። ልጅቷን አታስርቧት፣ እናቷ ታጥባት» አለች አዋላጇ። ሰናይት ሕፃኗን አንስታ እናቷ ጡት ላይ አኖረቻት። ለቅሶው ቆመ።

ሙሉነሽ ጩኸቱን ሰምታ መጣች። ልትወልድ ለደረሰች ለራሷ ልጅ ያስቀመጠችውን ቅቤ አመጣችና አዲስ ገንፎ አገነፋች፤ ከብረት ድስቱ በቀጥታ እየጨለፈች አራሷን አጎረሰቻት።

ሰናይት ወይንሸትን ገላመጠቻት። «ደግሞ ክርስትና ላንሳ ትላለች! ሕፃኗንም ብርድ ሲመታት ማይክሮዌቭ ልትከታት ነው?»

«ተያት እስቲ» አለች ሙሉነሽ፤ «ባትናገር ማን ያውቅባት ነበር? በፎም የላክሁትስ እኔ አይደለሁ?»

ወይንሸት እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። «ከፈለጋችሁ እኔን ተዉኝ። ብቻ ልጅቷ ደህና ትሁን።»

ጥሩወርቅ ሌሊቱን ስትጸልይ አደረች። ጠዋት ሦስቱም ነጭ ለብሰው ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆመዋል። ካህኑ «የምታነሳት የታለች?» አሉ። ጥሩወርቅ ሕፃኗን እንዳቀፈች አንዷን አየች፣ ሌላዋን አየች፣ ሦስተኛዋንም አየች።

እናንተ ብትሆኑ ለማን ታሳቅፏት ነበር?