አፈር ስሆን

ተረት ተረት! «የዓሣ በረት» በሉኝ።

በአንድ ሐይቅ ውስጥ እምቢ ማለት የማያውቅ ይሉኝተኛ ዓሣ ይኖር ነበር። ሐይቁ ዳር ደግሞ እንግዳ የምትወድ ጦጣ ነበረች። ዓሣው ቀኑን ሙሉ አፉን ሲከፍትና ሲዘጋ ስታይ አንጀቷን በላት።

«ምን እያደረግህ ነው?» አለችው።

«መተንፈሴ ነው» አለ ዓሣው። «ውሃውን በአፌ አስገብቼ በጉንጬ አስወጣዋለሁ። ጉንጬ ስር ስንጥብ የሚባሉ ቀጫጭን ክሮች አሉኝ፤ ውሃው ሲያልፍ ውስጡ ያለችውን ጥቂት አየር ይለቅማሉ። የሞኝ ሥራ ነው፤ ሐይቅ ሙሉ አጣርቼ የማገኘው አንዲት ትንፋሽ!»

«ውይ! እኛ ዘንድ አየር ሞልቶ ተርፎ? ውጣና እንደ ልብህ ተንፍስ።»

«አይ፣ አላስቸግርሽም።»

«አፈር ስሆን!»

አፈር ስሆን ከተባለ በኋላ እምቢ ማለት ነውር መሰለውና ዘሎ ወጣ። ወዲያው ስንጥቦቹ ውሃ አጥተው እንደ ረጠበ ፀጉር እርስ በርስ ተጣበቁ። አየር በሞላበት አገር ትንፋሽ አጠረው። «ታፈንኩ» ለማለት ግን አፈረ። አፉ ብቻ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ጦጣዋ የሚመርቃት መስሏት እጆቿን ዘርግታ «አሜን! አሜን!» ትላለች።

እንቁራሪት ደርሳ ወደ ውሃው ባትገፈትረው ኖሮ ምርቃቱ ኑዛዜ ይሆን ነበር።

ነፍስ ሲዘራ እንቁራሪቷ «ምነው እምቢ ብትል?» አለችው።

«እንዴት ብዬ? አፈር ስሆን አለችኝ እኮ! እሷ አፈር ከምትሆን፣ እኔ ልሁንላት ብዬ ነው።»

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በውሃ አርሱ። አፈር ስሆን ግን አትበሉኝ፤ እኔም እምቢ ማለት አላውቅም።