ግማሽ የቀረው ጥልፍ

አንድ ሰው ነበረ፤ ልብስ ሰፊ፣ ልጄ፣ እንዳንተው አማራጭ ነገር ሲበዛበት የሚጨነቅ። ሚስቱ የጥልፍ ንድፍ በኮምፒውተር ታወጣ ነበር። ለገዛ ልጇ የሰርግ ቀሚስ የጀመረችውን ንድፍ ግማሽ ላይ አድርሳ ታመመች፤ ከዚያ ወዲያ ወደ ወንበሯ አልተመለሰችም።

ብዙም ሳይቆይ የሚስቱ አሮጌ ኮምፒውተር ማቃሰት ጀመረች። አንድ ባለሙያ «ሁለመናዋን ቀድተን አዲስ ኮምፒውተር ውስጥ እናኑራት፤ ኮምፒውተርን በኮምፒውተር ውስጥ የሚያኖሩ ፕሮግራሞች በነጻ አሉ» አለው።

ሰውየው ማማረጥ ያዘ። አንዱ ቀላል ነው፤ በነጻ የሚፈቀደው ግን ለቤት ብቻ ነው። ሌላው ለቤትም ለቢሮም ይፈቀዳል፤ ግን ሜሞሪ ይበላል። ሦስተኛው ከአዲሱ ኮምፒውተር ጋር አብሮ የመጣ ነው፤ የሚስቱን አሮጌ ዕቃ ግን አላውቅም አለ። ሱቁና ቤቱ በመጋረጃ ብቻ ይለያዩ ነበርና ሁለተኛውን ወሰደ።

እነዚህ ፕሮግራሞች የኮምፒውተሩን የአንድ ቀን መልክ እንደ ፎቶ ይይዛሉ፤ በኋላ ምንም ቢደረግ ወደዚያ ቀን መመለስ ይቻላል። እሱም ሚስቱ ያቆመችበትን ቀን ያዘ። ማታ ማታ ከፍቶ ግማሿን አበባ ያያል፤ «እዚህ ጋ ምን ልታደርጊ ነበር?» ይላታል። ሲዘጋም ወደዚያው ቀን መልሶ ነው። ናፍቆቱ ግን አልቀነሰለትም።

ሰርጉ ሲቃረብ ልጁ መጣች። «አባዬ፣ የእማዬን ንድፍ እኔ ልጨርሰው፤ ሌላ ቀሚስ አልለብስም» አለችው። እየከበደው ወንበሩን ለቀቀላት። ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብላ ዋለች፤ አበባዋም ሞላች። ማታ አባትየው፣ የለመደች ጦጣ እንዲሉ፣ ሲዘጋ ወደዚያ ቀን መለሰው።

በማግስቱ ልጅቷ ስትከፍተው አበባዋ ግማሽ ናት።

«አባዬ፣ እኔንም አብረህ አጠፋኸኝ» አለችው።

አባትየው ያንን የያዘውን ቀን ራሱ በእጁ ሰረዘው፤ እያለቀሰ ሰረዘው። ከዚያ «በይ ቀጥይ» ብሎ ከጎኗ ክር መምረጥ ጀመረ። በሰርጉ ቀን እናት የት ላይ እንዳቆመች፣ ልጅ ከየት እንደጀመረች የለየ እንግዳ አልነበረም። አባትየው ብቻ ቦታዋን ያውቃታል፤ ልጁን ሲመርቅም እጁን እዚያች ላይ አሳረፈ።

እንግዲህ ልጄ፣ «ለቤትም ለቢሮም ከነጻዎቹ የትኛው ይሻላል?» ብለህ ጠየቅኸኝ። ለቤት ብቻ ከሆነ ቀላሉን ያዝ፤ ቢሮ ከገባበት ፈቃዱን አስቀድመህ አንብብ። ይሄ ከባድ አይደለም። የምታስገባው ግን የሟች አባትህን ኮምፒውተር እንደሆነ ስትጠይቀኝ ድምፅህ ነግሮኛል። አስገባው፤ ናፍቆትም አይከለከልም። ብቻ አንተም እንደ ልብስ ሰፊው ነህና፣ አባትህ ካቆመበት ቀጥልበት እንጂ እያየኸው አትቀመጥ። አንተም የእሱ ጅምር ነህ።