የቡሊት አፍንጫና የቀበሮ መድኃኒት

አንድ ጊዜ፣ በጋው በርትቶ ሣሩ በደረቀበት ወር፣ ዳለቻ የምትባል አህያ የልጇን አፍንጫ ስትልስ አንድ ሻካራ ነገር ምላሷን ቧጠጣት። ራቅ ብላ አየች። በውርንጭላዋ በቡሊት የላይኛው ከንፈር ላይ ሽምብራ የሚያህል ኪንታሮት በቅሏል። ከጎኑ ደግሞ ማሽላ ማሽላ የሚያካክሉ ታናናሾቹ ተሰልፈዋል።

ወሩ ሳያልቅ ኪንታሮቱ ከንፈሯን አልፎ አፍንጫዋን ያዘ። ቡሊት ግን ከቁብ አልቆጠረችውም። ትጠባለች፣ ትቦርቃለች፣ ጅራቷን ቀስራ ከወዲያ ወዲህ ትሮጣለች። አያማትም፣ አያሳክካትም። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ የሚወራ ተረት አይኖርም ነበር። ጣጣውን ያመጣው ሆራው ነው።

በዚያ አገር ከገደሉ ሥር የሚፈልቅ፣ ሆራ የሚሉት ጨዋማ ውሃ አለ። የሜዳው እንስሳ ሁሉ በበጋ በቀጠሮ እየወረደ ይጠጣዋል። ሆራ ያልጠጣ እንስሳ የምግብ ፍላጎቱ ይጠፋል፤ የምታጠባ ከሆነች ደግሞ ወተቷ ይነጥፋል። በቀጠሮው ቀን አንበሳ ከውሃው ራስ ይቀመጣል፤ እሱ እያየ ማንም ማንንም አይነካም።

ከውሃው አጠገብ አንድ ጎባጣ ግራር አለ። ጨዉ አፍንጫ ላይ ሲደርቅ ስለሚያሳክክ፣ ጥጃውም ግልገሉም ውርንጭላውም ከጠጣ በኋላ አፍንጫውን እዚያ ግንድ ላይ ያሻል። ከአያት ከቅድመ አያት የመጣ ልማድ ነው። ከመታሸት ብዛት የግንዱ ልጣጭ አልቆ እንደ አሮጌ በርጩማ ያብረቀርቃል። ግራሩ ላይ አፍንጫውን ሳያሽ የተመለሰ ልጅ ሆራ ጠጣ አይባልም፤ እናቱ መልሳ ትልከዋለች።

በአንዱ ቀጠሮ እንግዲህ አንዲት ሚዳቋ የቡሊትን አፍንጫ አየችና ግልገሏን በእግሯ ወደ ኋላ ገፋችው። ላሚቱም አየች። ሹክሹክታው ከአፍ ወደ አፍ አልፎ ከቀበሮ ጆሮ ደረሰ። ቀበሮ የሰማውን ይዞ የሚያድር ፍጥረት አይደለም። ወደ አንበሳ ጠጋ ብሎ፣ ይህች ውርንጭላ ውሃውን ልትበክለው ነው፣ እናቶቹ ሁሉ ፈርተዋል፣ አንድ ነገር ካልተደረገ ከእንግዲህ የሚወርድ አይኖርም ሲል አሳሰበ። አንበሳ ውሃ ላይ ጭቅጭቅ አይወድም። ብዙም ሳያስብ፣ እስከሚቀጥለው ቀጠሮ ልጅቱ ታክማ ትምጣ፤ ካልዳነች ሌሎቹ ሲጠጡ እሷ ከውሃው በላይ ካለው ጉብታ ላይ ትቅር ብሎ ፈረደ።

ቀበሮ ከዚያ በቀጥታ የሄደው ወደ ጅብ ዋሻ ነው።

«አያ ጅቦ፣ የምሳህን ነገር ጨርሼልሃለሁ» አለው። «የዳለቻን ልጅ እኔ ካከምኳት አፏ ይቆስላል። አፏ ከቆሰለ መጥባት ያቅታታል፤ ትደክምና ከመንጋው ወደ ኋላ ትቀራለች። እናቷ አላሳክምም ካለች ደግሞ ጉብታው ላይ ብቻዋን ትቆማለች። በሁለቱም በኩል ያንተው ናት። ጉበቷን ለእኔ ትተውልኛለህ።»

ጅብ ጥቂት አሰበ። «እና ሁለቱንም በአንድ ቀን ልበላቸው ነው?»

«የምን ሁለት? አንዲት ናት።»

«በሁለቱም በኩል አላልክም?»

ቀበሮ ዓይኑን ጨፍኖ ከፈተ። «አያ ጅቦ፣ አንተ ዝም ብለህ ጉብታው ዘንድ ና» አለው። ጅብ ከዚህ ሁሉ ንግግር አእምሮው ውስጥ የገባው ምሳ የሚለው ቃል ብቻ ነበር።

በማግስቱ ቀበሮ በሰጎን እንቁላል ቅርፊት ነጭ ፈሳሽ ይዞ ዳለቻ ደጅ ደረሰ። ከቁልቋል ቅርንጫፍ ያንጠባጠበው ነው። ልጅቱን አይቶ ራሱን ነቀነቀ፤ ምንኛ እንዳሳዘነችው፣ እሱም ለስንቱ ልጅ እንደደረሰ አወራ። ዳለቻ እስኪጨርስ ጠበቀችው። ከባዶ ተነስታ ቤቷን ያቆመች አህያ ነበረችና፣ የሚያስከፍላትን ሳታውቅ ምንም ነገር አትቀበልም።

«አያ ቀበሮ፣ ባላክማት ምን ትሆናለች?» ስትል ጠየቀችው።

«ይበዛባታላ። አላየሽም እንዴ የሚያፈጥባትን?»

«የሚያፈጡባትን አይቻለሁ። እኔ የምጠይቅህ እሷ ምን ትሆናለች ብዬ ነው። ትታወራለች? ታነክሳለች? መብላት ያቅታታል?»

ቀበሮ ጉሮሮውን ጠረገ። «ያው… አስቀያሚ ነው።»

«መድኃኒትህስ ያማል?»

«እንደ ወተት የለሰለሰ ነው። እንዲያውም ትተኛበታለች።»

«እስካሁን ያከምካቸውን ንገረኝ። ሄጄ ልያቸው።»

ቀበሮ ይህን አልጠበቀም። ሩቅ አገር ናቸው ብሎ ሸሸ። ዳለቻም በቀጠሮው ቀን ሆራው ዘንድ መልስ እሰጥሃለሁ ብላ አሰናበተችው።

ከዚያ በኋላ በሜዳው እየዞረች አፍንጫ ታይ ጀመር። ከምትግጥ አህያ ጎን ትቆምና፣ ስለ ሣሩ እያወራች ዓይኗን ከንፈር ላይ ትጥላለች። ይህን ስታደርግ ነው ሐመሪት በምትባል ጎረቤቷ ልጅ አፍ ላይ ነጭ ጠባሳ ያየችው። ጠባሳው አጠገብ አዲስ ኪንታሮት ወጥቷል። ልጁ የጎን አጥንቱ ይቆጠራል።

ሐመሪት መጀመሪያ መናገር አልፈለገችም። በኋላ ግን ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ቀበሮ የቀባለት ጊዜ ከንፈሩ እንደተላጠ፣ ጡቷን በነካ ቁጥር እየጮኸ ይለቅ እንደነበር፣ ከሞት የተረፈው ለጥቂት እንደሆነ ነገረቻት። ኪንታሮቱስ ለጊዜው ጠፍቶ ነበር፤ ከጎኑ ሌላ ወጣ።

«ምነው ታዲያ ዝም አልሽ?» አለቻት ዳለቻ።

«አፈርኩ» አለች ሐመሪት። «ሁሉ ልጄን እየጠቆመ ሲያወራ፣ እጄን አጣጥፌ መቀመጥ እናትነት አልመሰለኝም። የሆነ ነገር ማድረግ ነበረብኝ። አደረግኩ።»

ዳለቻ አልወቀሰቻትም። ራሷም ያንኑ ልታደርግ ተቃርባ ነበርና።

ወረድ ብላ አንድ ጎረምሳ አህያ አገኘች። ባለፈው በጋ አፍንጫው እንደ ቡሊት ነበር፤ በደንብ ታስታውሳለች። አሁን ግን እንደ ወንዝ ድንጋይ ለስልሷል። ማን እንዳከመው ጠየቀችው።

«እኔን? ማን ይዞ ያክመኛል፣ እትዬ? አልያዝም ብዬ ነው ያደግኩት።»

«ታዲያ መቼ ለቀቀህ?»

ጎረምሳው ከንፈሩን በምላሱ ዳሰሰ። «እሱን ልብ አላልኩም። ክረምቱ ሲወጣ አልነበረም።»

ዳለቻ መንገዷን ቀጠለች። ሌላም፣ ሌላም አየች። ሳይታከሙ የቆዩት አንዳንዱ ቶሎ፣ አንዳንዱ እየዘገየ ሁሉም ድነዋል። ደግሞ አንድ ሌላ ነገር አስተዋለች። ከተራራው ወዲያ ማዶ ያሉት አህዮች ከዚሁ ሆራ ታችኛውን ፈሳሽ ይጠጣሉ፤ ከውርንጭላዎቻቸው አንዱም ኪንታሮት የለበትም። እነሱ ዘንድ ግን ግራር የለም። ልጆቻቸው አፍንጫቸውን የሚያሹት ያገኙት ቁጥቋጦ ላይ ነው።

ልቧ ግን ወዲያው አልረጋም። አንድ ከሰዓት በኋላ ውርንጭላዎቹ ሲሯሯጡ ቡሊት ልትቀላቀል ስትሄድ ተበተኑ። ተመልሳ ከእናቷ ሆድ ሥር ገባች።

«እማዬ፣ አስቀያሚ ነኝ እንዴ?»

ዳለቻ ለአፍታ የቀበሮ ቅርፊት ትዝ አላት። አንድ ጊዜ ቀብቶ ቢገላግላትስ? ከዚያ ልጇ ጡቷን ያዘችና መጥባት ጀመረች፤ ያለ ሕመም፣ በሙሉ አፏ። ይህን አፍ ለሌሎች ዓይን ብላ ልታቃጥለው ነው?

«አፍንጫሽ ላይ እንግዳ ተቀምጧል» አለቻት። «ሳይበላ ሳይጠጣ ተቀምጦ ሲሰለቸው ይሄዳል። አንቺ ብቻ አትነካኪው።»

የቀጠሮው ቀን ደረሰ። እንስሳቱ ወደ ሆራው ወረዱ። ዳለቻ ጉብታው ጋ ስትደርስ ቡሊትን አላስቀረቻትም። ከጎኗ እያስኬደች አንበሳ ፊት ቀረበች። ሚዳቋዋ ግልገሏን ሰብስባ ዞር አለች። ቀበሮ ቅርፊቱን ታቅፎ ቆሟል። ጅብም ጉብታው ላይ ማንንም ቢያጣ፣ ምሳው የት እንደደረሰ ለማየት ተከትሎ ወርዷል።

«ታክማ ትምጣ ወይ ትቅር ብዬ ነበር» አለ አንበሳ። «ትእዛዜን ጥሰሽ ነው የመጣሽው?»

«ሰምቼ ነው የመጣሁት፣ ጌታዬ» አለች ዳለቻ። «እኔ ራሴ ካልጠጣሁ ወተቴ ይነጥፋል። እሷ ብቻዋን ጉብታው ላይ ከቀረች በሕይወት አላገኛትም። አፏ ከተቃጠለ ደግሞ ወተቴ ቢኖርም አይጠቅማትም። ስለዚህ ከመፍረድዎ በፊት ያየሁትን ይስሙኝ።»

አንበሳ በጅራቱ ዝንብ እየመታ ቀጥይ አላት። እሷም ያየቻቸውን አፍንጫዎች አንድ በአንድ ተናገረች። የሐመሪትን ልጅ አስጠርታ ጠባሳውን አሳየች፤ ጎረምሳውንም ከጎኑ አቆመች። ሐመሪት አንገቷን ደፍታ፣ እውነት ነው አለች።

«ይህ ነገር የሚተላለፈው በውሃው አይደለም» ስትል ቀጠለች። «ውሃው ይፈሳል። ግራሩ ግን እንደቆመ ነው። የሁላችንም ልጆች አፍንጫቸውን አንድ ግንድ ላይ ያሻሉ። ልጄን ከውሃው እያባረርን ልጆቻችንን መልሰን ግንዱ ላይ እንልካለን። የእኔ ልጅ ትጠጣ፤ ግንዱን ግን አትንካ። የእናንተም አይንኩ። ሁሉም ለራሱ ቁጥቋጦ ይፈልግ። ኪንታሮቱ ወደ ዓይኗ ቢሄድ ወይም ቢመግል፣ የሚያውቅ ሐኪም ዘንድ እኔው ራሴ እወስዳታለሁ። እስከዚያው ግን እጠብቃለሁ።»

ቀበሮ ፈገግ አለ። «ጌታዬ፣ ይህ የሰነፍ እናት ሰበብ ነው። መጠበቅ መድኃኒት ሆኖ ያውቃል? መድኃኒት ይኸው!» ብሎ ቅርፊቱን ከፍ አደረገው። «ሁላችሁም እዩት። እንደ ወተት የለሰለሰ። ያቃጥላል የምትለው ስሜን ለማጥፋት ነው።» ይህን ብሎ ቅርፊቱን መሬት ላይ አኖረና ወደ እንስሳቱ ዞሮ ንግግሩን ቀጠለ።

ጅብ ከጠዋት ጀምሮ አልቀመሰም። ጉብታው ላይ ምሳ አላገኘም። እፊቱ ደግሞ ነጭ ነገር ሞልቶ ተቀምጧል፤ ባለቤቱ ራሱ በዚህ ሁሉ ምስክር ፊት እንደ ወተት ነው ብሏል። ጎንበስ አለና አንድ ጊዜ ልሶ ግማሹን ወሰደው።

መጀመሪያ ከንፈሩን ላሰ። ቀጥሎ ጆሮዎቹ ቆሙ። ከዚያ ምላሱን አውጥቶ መሬት ለመሬት እየጎተተ ይሽከረከር ጀመር። ውሃው ውስጥ ዘሎ ገባ፤ ጨዉ ሲነካው ባሰበት፤ ዘሎ ወጣ። በመጨረሻ ምላሱ አብጦ ከአፉ ውጪ ተንጠልጥሎ፣ እያለቀሰ ቀበሮ ፊት ተገተረ።

«አንተ ሌባ!» አለው። «በየትኛው ምላሴ ነው አሁን ውርንጭላዋን የምበላት?»

እንስሳቱ ሁሉ ወደ ቀበሮ ዞሩ። የሚዳቋዋ ግልገል ብቻ ሳቀ፤ እናቱ በክርኗ ነካ አደረገችው።

አንበሳ ቀስ ብሎ ተነሳ። ጅብን ሳይሆን ቀበሮን ነበር የሚያየው። «አያ ቀበሮ፣ ከመድኃኒትህ ገና ግማሹ ቀርቷል። ለስላሳ ነው ብለሃል። ጠጣው።»

ቀበሮ ቅርፊቱን አየ። አንበሳን አየ። «እኔ እንኳ… ጠግቤ ነው የመጣሁት፣ ጌታዬ» አለና እየተንሸራተተ ወደ ኋላ ሄደ። ገደሉ ጥግ ሲደርስ ሩጫውን ለቀቀው። ከዚያ ወዲህ በዚያ ሆራ ሲጠጣ ያየው የለም። ጅብም ምላሱ እስኪድን ብዙ ጊዜ ጾመ፤ ማንን መክሰስ እንዳለበት ግን እስከ መጨረሻው አልገባውም።

ቡሊት ጠጣች። እናቷም ጠጣች። አንበሳ ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንም ልጅ ግራሩ ላይ አፍንጫውን እንዳያሽ አዘዘ። አንዳንድ ሽማግሌዎች የአባቶች ልማድ ተነካ ብለው ማጉረምረማቸው አልቀረም፤ ልጆቹ ግን ቁጥቋጦ መምረጡን ቶሎ ለመዱት፤ እንዲያውም ተሻሙበት። ቀደም ብለው ግራሩ ላይ ያሹ ጥቂት ውርንጭላዎች በኋላ ኪንታሮት ወጣባቸው፤ እናቶቻቸው ግን አልተሯሯጡም። ሐመሪት ነበረች እየዞረች የምታረጋጋቸው።

ክረምቱ ገባ። ሣሩ ለመለመ። ከቡሊት ኪንታሮት አንዱ ደርቆ ወደቀ፣ ሌላው እየሟሸሸ ሄደ፣ ሦስት አራቱ ደግሞ በግትርነት ቆዩ። ዳለቻ አልነካካቻቸውም። አንድ ጠዋት ልጇን ስትልስ ምላሷን የሚቧጥጥ ነገር አጣች። ራቅ ብላ አየች። ቡሊት ግን ምን ታያለሽ ሳትል፣ ጅራቷን ቀስራ ወደ ጓደኞቿ ሮጠች።

ያ ጎባጣ ግራር ዛሬም ቆሟል፤ ግንዱ ላይ አዲስ ልጣጭ በቅሎለታል።

ከዚህ የምንማረው፣ በልጃችን ገላ ላይ የወጣውን ነገር ሰው አየብን ብለን ለማጥፋት ከመጣደፋችን በፊት ሕመሙ የሚያደርሰውንና መድኃኒቱ የሚያደርሰውን ጉዳት ጎን ለጎን ማየት እንደሚገባን፣ ነቅቶ መጠበቅም ልጅን ከመንከባከቢያ መንገዶች አንዱ መሆኑን ነው።