መልስ ያልሰጠው ሐኪም

አንዲት ሴት ነበረች። ዕድሜዋ ስድሳን ተሻግሯል። ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ በጀርባዋ ተኝታ ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች። በጭኗ ደም ሥር የገባ ቀጭን ሽቦ ልቧ ውስጥ ደርሷል። አጠገቧ ግን ሰው የለም። አንድም ሰው።

እንዴት እዚያ እንደ ደረሰች ልንገራችሁ።

ሲስተር ጥሩዓለም ትባላለች። አዋላጅ ነርስ ናት። በአንዲት ትንሽ ከተማ ጤና ጣቢያ ሠላሳ አንድ ዓመት ስታዋልድ ኖራለች። የከተማው ግማሽ ሰው በእጇ ላይ ነው የተወለደው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ይህች ሴት አንድ የማታጥፈው ሕግ አላት። ምጥ የያዛትን ሴት ለብቻዋ ትቶ መውጣት በእሷ ዘንድ ነውር ነው። መብራት ይጥፋ፣ ዶፍ ይውረድ፣ ተረኛ ይዘግይ፣ ሲስተር ጥሩዓለም ከአልጋው አጠገብ ንቅንቅ አትልም። አብረዋት ለሚሠሩትም ሁልጊዜ የምትለው ይህንኑ ነበር፤ ሌላው ሁሉ ቢያቅታችሁ እንኳ እጇን ያዙ።

ይህችን ሴት የልብ ሕመም ያዛት። በሰላም ቁጭ ብላ ሳለች ልቧ በድንገት ይጋልባል። በደቂቃ መቶ ዘጠና ጊዜ ይመታል። ዓይኗ ይጨልማል፣ ጉልበቷ ይከዳታል። መጀመሪያ ለማንም አልተናገረችም። አንድ ቀን ግን ሕፃን ተቀብላ፣ እትብቱን ቆርጣ፣ እናቱን ልታስታቅፋት ስትል ልቧ ተነሣባት። ሕፃኑን እንደ ምንም አስረከበች። ራሷ ግን እዚያው ተዝለፍልፋ ወደቀች። ስትነቃ ማንም አልወቀሳትም፤ እሷ ግን ራሷን ወቀሰች። ከእንግዲህ ሰው አምኖ ሕፃን የሚሰጠኝ አይደለሁም ብላ ነጭ ጋውኗን አወለቀች።

ሐኪሞች መረመሯት። ልቧ ውስጥ አንዲት ትርፍ መንገድ አለች አሏት። ልብ እንዲመታ የሚያዘው ምልክት በዚያች ትርፍ መንገድ ሲዞር ነው ልቧ የሚጋልበው። መድኃኒቱም ቀጭን ሽቦ በደም ሥር አስገብቶ፣ ልብ ድረስ አድርሶ፣ ያችን መንገድ በሙቀት መዝጋት ነው። ደረት አይከፈትም፣ አጥንት አይነካም። ክፋቱ ቦታው ነው። ከትርፏ መንገድ ጥቂት ሚሊሜትር አልፎ ዋናው መንገድ አለ። እሱ ከተቃጠለ ልብ በራሱ መምታት ያቅተዋል። አንድ ጊዜ በእጅ እየተገፋ በሚገባ ሽቦ ተሞክሮላት ነበር። ልብ የሚንቀሳቀስ ነገር ነውና ጫፉ እየተንሸራተተ አስቸገረ። ሐኪሙ አስተዋይ ሰው ስለ ነበር ከዚህ በላይ ብገፋ አጠፋለሁ ብሎ አወጣው።

ከዓመት በኋላ ሌላ ሐኪም አገኘች። ዶክተር ኢዮሲያስ ይባላል፤ በዕድሜው ልጇ ይሆናል። እሱ ሽቦውን የሚመራው በማግኔት ነው። ከአልጋው ግራና ቀኝ ቁም ሣጥን የሚያስንቁ ሁለት ማግኔቶች ቆመዋል። የሽቦው ጫፍ ላይ ደግሞ ቅንጣት የምታህል ማግኔት አለች። ትልልቆቹ ሲዞሩ ትንሿ ወደ ጠሯት ትዞራለች። ሐኪሙ ሽቦውን አንሥቶ መዳፏ ላይ አኖረላት። እንደ ፈትል ለስላሳ ነው። ጣቷ ላይ ተልፈሰፈሰ።

«ይኼ ምን ጉልበት አለው?» አለችው።

«ምንም ጉልበት የለውም፣ ሲስተር። ደግነቱም እሱ ነው። ጉልበት ስለሌለው ልብዎን አይወጋም። የሚመራው እስካለ ድረስ ደግሞ እጅ የማይደርስበት ይደርሳል።»

ሥራውን ከመስታወት ወዲያ ሆኖ እንደሚሠራም አስረዳት። እሺ አለች፣ ፈረመች። ግን ወገኖቼ፣ መስማትና መኖር አንድ ነው? አይደለም። ቀኑ ደረሰ። ሽቦው ገባ። ዶክተሩ ትከሻዋን መታ መታ አደረገና ወጣ። ረዳቶቹም ተከትለውት ወጡ። ከባዱ በር ተዘጋ።

እስቲ አስቡት። ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው እጅ ይዛ የኖረች ሴት፣ በሕይወቷ አብልጣ በፈራችበት ሰዓት የሚይዛት እጅ አጣች። ሐኪም በሽተኛውን ትቶ ይወጣል? ይህን ልጅ ማን አስተማረው? እኔ ብሆን አላደርገውም ነበር፤ እያለች በልቧ ተብሰከሰከች።

ማግኔቶቹ ቀስ ብለው ዞሩ። ከድምፅ ማጉያው የዶክተሩ ድምፅ መጣ፤ እንዳይነቃነቁ፣ በዝግታ ይተንፍሱ አላት። ከዚያ በኋላ ድምፁ ጠፋ። ብዙም አልቆየ፣ ልቧ ተነሣ። ያ የምታውቀው ግልቢያ መጣ።

«ማን አለ?» አለች።

ዝም።

«ዶክተር፣ አለህ?»

ዝም።

ሰውነቷ ሁሉ ተነሺ፣ ውጪ አላት። ቀኝ ክንዷን ከአልጋው ማንሣት ጀምራ ነበር። በዚያች ቅጽበት፣ ምጥ ሲጠናባቸው ተነሥቼ ልሂድ ይሏት የነበሩ ሴቶች ፊቷ ላይ ድቅን አሉባት። ተነሥተው የት ሊሄዱ? ምጡ አብሯቸው አይሄድም? ክንዷን መልሳ አስተኛች። ዓይኗን ጨፈነች። «እንግዲህ አንተ ታውቃለህ» አለች። ለሐኪሙ ይሁን ለፈጣሪዋ እሷም ለይታ አላወቀችም።

ልቧ ጋለበ፣ ጋለበ። ኋላም ልጓሙን እንደ ተሳበ ፈረስ ድንገት ገታ አለ። ከዚያ እንደ ልጅነቷ፣ ዝግ ብሎ መምታት ጀመረ።

በሩ ተከፍቶ ዶክተር ኢዮሲያስ ሲገባ ግንባሩ በላብ ርሷል። እሷ ግን ምስጋና አላስቀደመችም።

«ጠራሁህ እኮ፣ ልጄ። ሁለቴ ጠራሁህ። አልመለስክልኝም።»

«ሁለቱንም ጊዜ ሰምቻለሁ» አላት። «ልብዎን ያስነሣሁትም እኔው ነኝ፤ ካልተነሣ ያችን መንገድ አላገኛትም። ሲጠሩኝ ጫፉ ዋናው መንገድ ጥግ ላይ ደርሶ ነበር። ብመልስልዎ ኖሮ እርስዎም ይመልሱልኛል፤ ሲናገሩ ደረትዎ ይነሣል፣ ሽቦው ይንሸራተታል። ስለዚህ ምላሴን ነከስኩ።»

በማግስቱ ከመስታወቱ ወዲያ ወስዶ እሱ የተቀመጠበት ወንበር ላይ አስቀመጣት። የገዛ ልቧን ሥዕል፣ እያንዳንዱን ጥግና ስርጓድ፣ በቀለም ተለይቶ ስክሪኑ ላይ አሳያት።

«አልጋው አጠገብ ቆሜ እጅዎን ብይዝ ኖሮ ፊትዎን ነበር የማየው» አላት። «ልብዎን የማየው ከዚህ ነው።»

ሲስተር ጥሩዓለም ከሁለት ወር በኋላ ወደ ጤና ጣቢያዋ ተመለሰች። ልቧ ዳግመኛ አልተነሣባትም።

ወገኖቼ፣ ከመካከላችሁ «ማን አለ?» ብሎ የጮኸ የለም? ልጅሽ በበረሃ መንገድ ወጥቶ ድምፁ ከጠፋ ስድስት ወር የሆነሽ እናት፣ አንቺ አልጮኽሽም? ሥራ ፍለጋ ስትዞር ጫማህ ያለቀ ወንድሜ፣ አንተስ? ጸለያችሁ፤ ዝም። ደግማችሁ ጸለያችሁ፤ ዝም። በመጨረሻ «ትቶኝ ወጥቷል» አላችሁ። አላላችሁም?

አባቶች ምሳሌ ዘየሐጽጽ ይላሉ፤ ምሳሌ ከእውነቱ ያንሳል ማለት ነው። ሐኪሙ ሰው ነውና ልብን ለማየት ከአልጋው መራቅ ነበረበት። እግዚአብሔር ግን መራቅ አያስፈልገውም። ዝም ሲልም እንደ ቀረበ ነው።

ዝምታ ሁሉ በፈውስ ያልቃል ብዬ ግን አልዋሻችሁም። እኔ ራሴ ታናሽ ወንድሜን ስጸልይለት ከርሜ በገዛ እጄ አፈር አልብሼዋለሁ። ለምን ብዬ የጠየቅሁትን መልስ ገና አልሰማሁም። አንድ ነገር ግን አውቃለሁ፤ አልመለሰልኝም ማለት አልሰማኝም ማለት አይደለም።

ስለዚህ ተነሥታችሁ ልትወጡ ያሰባችሁ፣ ከጸሎታችሁ፣ ከትዳራችሁ፣ ከዚህችም ሕይወት ጭምር ልትወጡ ያሰባችሁ፣ እለምናችኋለሁ፣ ዛሬን ቆዩ። ዓመት ቆዩ አላልኳችሁም። ዛሬን ብቻ። ለነገው፣ ነገ አብረን እንለምነዋለን።